ሚዛኑ የመዘገበውን ማን ያየዋል?

የአንባቢያን ጥያቄና የነርሷ መልስ

ጤና ይስጥልኝ አንባቢዎቼ። ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ሰው ቤት ሄደው ሕመምተኛ ከሚንከባከቡ እህቶችና ወንድሞች የሚመጡ ናቸው። እኔም ነርስ ከመሆኔ በፊት እዚሁ አካባቢ ሆም ሄልዝ ኤይድ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን የሆስፒስ ነርስ ነኝ፤ በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ያሉ ሕመምተኞችን ከሥቃይ የሚያሳርፍ እንክብካቤ ማለት ነው። በጠና የታመመ ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማናግረው አስታማሚዋን ነው። ሐኪሙ ከስንት ጊዜ አንዴ ያያቸዋል። እኔ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ እመጣለሁ። እሷ ግን ስታጥብ፣ ስታበላ፣ ስታገላብጥ ውላ ታድራለች። ሰውየው ትናንት ስንት ጉርሻ እንደበሉ፣ ሌሊት ስንቴ እንደተነሡ የምታውቀው እሷ ናት።

ስልኩ፣ አፑና መለኪያው ለዚህች ሴት ምን ይጠቅማታል? በዚህ እትም የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ በዚህ ዙሪያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የማስታምማቸው አሜሪካዊ አዛውንት የልብ ድካም አለባቸው። ልጃቸው ካሊፎርኒያ ናት። ከስልክ ጋር የሚገናኝ ሚዛን፣ የግፊት መለኪያና ጣት ላይ የሚደረግ የኦክስጅን መለኪያ ገዝታ ልካለች። ኤጀንሲዬ ደግሞ ክሎክ ኢን የማደርግበት፣ ማለትም ሥራ የገባሁበትን ሰዓት የምመዘግብበት አፕ አለው። በየቀኑ እለካለሁ፣ እመዘግባለሁ። ባለፈው ወር ክብደታቸው በተከታታይ ቀናት ጨመረ። እግራቸውም አበጠ። አፑ ላይ ጻፍኩት። አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯቸው በአምቡላንስ ተወሰዱ። ልጃቸው ደውላ «ሚዛኑ ላይ ሁሉም አለ፣ ለምን አልተነገረኝም?» አለችኝ። ኤጀንሲው ደግሞ ሪፖርት አላደረግሽም ይለኛል። እኔ እኮ መዝግቤአለሁ! ጥፋቱ የኔ ነው? እነዚህ መሣሪያዎችስ ምን ረቡኝ?
ያዘነች አስታማሚ

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ለክተሻል፣ መዝግበሻል፣ የእግራቸውንም እብጠት አይተሻል። የጎደለው የመዘገብሽውን በዚያው ቀን የሚያይ ሰው ነው። ቤት ውስጥ ሦስት መሣሪያ አለ። ቁጥሩን ለማየት ኃላፊነት የወሰደ ግን አንድም ሰው የለም። ልጅየዋ ኤጀንሲው ያየዋል ብላ ተቀምጣለች። ኤጀንሲው ልጅየዋ ታየዋለች ብሏል። የሐኪሙ ቢሮ መሣሪያው መገዛቱንም ላያውቅ ይችላል። ይህን ነገር ብዙ ቤት ውስጥ አየዋለሁ፣ ሁሌም ያናድደኛል። ምክንያቱም ወቀሳው በመጨረሻ የሚያርፈው በሰዓት ጥቂት ዶላር በሚከፈላት ሴት ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ አፑ ልንገርሽ። ክሎክ ኢን የምታደርጊበት አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ከጸደቀው ኪዩርስ አክት ከሚባለው የፌዴራል ሕግ ነው። ሕጉ በሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ባለው የመንግሥት የጤና መድን) የሚከፈል የቤት ውስጥ እንክብካቤ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲረጋገጥ ያዛል። የሚይዘው ስድስት ነገር ነው፦ የአገልግሎቱን ዓይነት፣ ማን እንደተቀበለ፣ ማን እንደሰጠ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት። ያበጠ እግር ከስድስቱ ውስጥ የለም። የተሠራና ያልተሠራ ሰዓት ለመለየት የተሠራ ነገር ነው። ስለዚህ አፑ ላይ ስለጻፍሽ ብቻ ነርስ አየችው ማለት አይደለም። ማስታወሻሽን የከፈተው ሰው ሂሳብ የሚሠራው ክፍል ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ ኤጀንሲዎች ክሎክ አውት ስታደርጊ «ዛሬ ታካሚው ላይ ለውጥ አይተሻል?» የሚል ጥያቄ ጨምረዋል። ያንቺ እንዲህ ያለ ካለው ተጠቀሚበት። ግን ቢሮ ደውለሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ «አዎ» ብዬ ስጫን መልእክቱ ለማን ይደርሳል? በስንት ሰዓት ውስጥስ ይደውልልኛል? መልሱን በጽሑፍ ቢሰጡሽ ይመረጣል። ቴክስትም ይበቃል።

አሁን ወደ ሚዛኑ። የልብ ድካም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ አንድ መሣሪያ ብቻ ምረጪ ብባል ሚዛን ነው የምመርጠው። ልብ ደም መግፋት ሲያቅተው ኩላሊት ጨውና ውኃ ይይዛል። ውኃው እግር ላይ፣ ሆድ ላይ፣ ኋላም ሳምባ ውስጥ ይጠራቀማል። ትንፋሽ ከማጠሩ በፊት ብዙ ጊዜ ክብደት ቀድሞ ይጨምራል። በዚያ መሐል ሐኪሙ ውኃ የሚያወጣውን መድኃኒት ከፍ አድርጎ ሰውየውን ከሆስፒታል ሊያድን ይችላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚለው ይኼ ነው፦ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ2 እስከ 3 ፓውንድ፣ ወይም በሳምንት 5 ፓውንድ ከጨመረ ይደወል። የሳቸው ሐኪም ሌላ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ከሰጠ የሱን ያዢ።

አመዛዘኑም ወሳኝ ነው። ጠዋት ሲነሡ፣ ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ ያንኑ ዓይነት ልብስ ለብሰው ይመዘኑ። ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ አይቀመጥ፣ ጠንካራ ወለል ላይ ይሁን። አንድ ቀን በፒጃማ፣ አንድ ቀን በጫማና በጃኬት ከተመዘኑ ቁጥሩ ማንንም አይረዳም። ግፊት ስትለኪ ደግሞ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ። ጀርባቸው ይደገፍ፣ እግራቸው መሬት ይንካ፣ ክንዳቸው በልብ ልክ ይሁን። እየለካሽ አታዋሪያቸው።

በሚቀጥለው ሺፍትሽ ሱፐርቫይዘር ነርሷን ጥሪና አንድ ወረቀት አጻፊያት። ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ይለጠፍ። የትኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ እንደሚደወል፣ ቀን ለማን፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ ለማን፣ ስልክ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ይጻፍበት። ኬር ፕላኑ (የእንክብካቤ ዕቅዱ) ውስጥም ይግባ። ልጃቸው ያ ወረቀት በፎቶ ይድረሳት። ማታ የሚያነሣ ሰው ከሌለ ወረቀቱ ላይ ባዶ ቦታ ይታያል፣ ያኔ ማፈር ያለበት ኤጀንሲው ነው። ታካሚው ሆስፒስ ላይ ያሉ ከሆነ ግን ይህ ባዶ ቦታ ሊኖር አይገባም። ሆስፒስ ሃያ አራት ሰዓት የነርስ ስልክ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል። እኛ ዘንድ በሌሊት ብትደውይ ማንም አይቆጣሽም።

ስትደውዪ እንዲህ በይ፦ «የምደውለው የልብ ድካም ስላለባቸው ታካሚዬ ነው። ሰኞ 171 ፓውንድ ነበሩ። ዛሬ ረቡዕ 175 ናቸው። ሁለቱም ቁርጭምጭሚት አብጧል። በሁለት ትራስ ይተኙ ነበር፣ ትናንት ሦስት ጠየቁ። ደረታቸውን አያማቸውም። ዛሬ ምን ላድርግ?» ይህን በእንግሊዝኛ አስቀድመሽ ስልክሽ ላይ ጻፊው። አንብበሽ ብትናገሪ ነውር የለውም። ነርስ ሆኜ ስልክ ሳነሣ «ዛሬ ደህና አይመስሉኝም» ከሚለኝ ይልቅ ትራስ የቆጠረችልኝን አስታማሚ ቶሎ እረዳታለሁ። ከዚያ ያነሣውን ሰው ስምና ሰዓቱን ጻፊ። ኋላ «አልተነገረንም» ሲሉሽ የምታሳዪው አለሽ። ደረት የሚወጋ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ተኝተው መተንፈስ አለመቻል ከመጣ ግን ቢሮ አትጠብቂ፣ 911 ነው። በሆስፒስ ያሉ ከሆነ መጀመሪያ ለሆስፒሱ ደውዪ።

ልጃቸውንም አንድ ነገር ጠይቂያት። ሜዲኬር፣ በዋናነት የአዛውንቶች የሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ሪሞት ፔሸንት ሞኒተሪንግ ለሚባል አገልግሎት ለሐኪሞች በሰፊው ይከፍላል። ሐኪሙ ያዝዛል። ሚዛኑና የግፊት መለኪያው ከክሊኒኩ ይመጣል። ብዙዎቹ የራሳቸው ሲም ስላላቸው ዋይፋይ እንኳ አያስፈልጋቸውም። ሰውየው ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ቁጥሩ ቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ይሄዳል። እዚያም እንዲያየው የተመደበ ሰው አለ። ልጅየዋ ከሱቅ ከገዛችው ሚዛን ጋር ሲነጻጸር ቁጥሩ አንድ ነው። ልዩነቱ ስልኩን የሚያነሣው ሰው ነው።

ኒውዮርክ ውስጥ የዌል ኮርኔል ሐኪም ማዴሊን ስተርሊንግ የልብ ድካም ያለባቸውን የሚያስታምሙ ሆም ሄልዝ ኤይዶችን ለዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። ከሞከሯቸው ነገሮች አንዱ አስታማሚዎቹን ስለ በሽታው ማስተማርና ከኤጀንሲው ነርስ ጋር በስልክ መልእክት የሚገናኙበትን አፕ መስጠት ነው። እኔ ትክክለኛው መንገድ ይህ ይመስለኛል። አስታማሚዋ ስትጽፍ ወዲያ ማዶ ነርስ አለች።

ስለ ጣት መለኪያው ደግሞ ለብቻው ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ይህ እኛን ይመለከታል። መሣሪያው ብርሃን በጣት አሳልፎ ነው ኦክስጅን የሚገምተው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ያወጡት ጥናት አለ። መለኪያው ኦክስጅናቸውን ከ92 እስከ 96 በመቶ ካሳያቸው ጥቁር ሕመምተኞች 11.7 በመቶው፣ ደማቸው ሲመረመር ከ88 በታች ነበሩ። በነጮቹ ላይ 3.6 በመቶ ነበር። በ2021 የካቲት ላይ ኤፍዲኤም (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ማስጠንቀቂያ አወጣ። የሀገርሽን ሰው ወይም ሌላ ጥቁር ታካሚ የምታስታምሚ ከሆነ «94 ነው፣ ምንም የለም» ብለሽ አትቀመጪ። ሲያወሩ ዓረፍተ ነገር ይጨርሳሉ? ሲተነፍሱ የጎድን አጥንታቸው መሐል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ እየገባ ነው? ድዳቸውና የከንፈራቸው ውስጥ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ሆኗል? እጃቸው ከቀዘቀዘ አሙቂው። የጥፍር ቀለም ካለ አስለቅቂ። እንሶስላ የነካው ጥፍር ላይም አትለኪ፣ ንጹሕ ጣት ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አሌክሳንድሪያ ነኝ። የማስታምማቸው ሐበሻ እናት ናቸው። ስኳር አለባቸው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊስስ (ደማቸውን በማሽን ለማጣራት) ይሄዳሉ። እንግሊዝኛ አይችሉም። ነርሷ ስትመጣ ወይ እኔ አስተረጉማለሁ፣ ወይ በጉግል ትራንስሌት እንግባባለን። መድኃኒታቸው ብዙ ነው፣ ሰዓቱን ያደባልቁታል። ስልካቸው ላይ አላርም ልሙላላቸው?
ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ሙዪላቸው። ግን ከአላርሙ በፊት ወረቀቱን እይው። ነርሷ «8:00» ብላ ጽፋ ከሄደች እማማ 8 ሰዓት ብለው ነው የሚያነቡት። እሳቸው ዘንድ 8 ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። የጠዋቱ ኢንሱሊን ከቀትር በኋላ ይወሰዳል ማለት ነው። ይህን ስሕተት ሆስፒታል ውስጥ ማንም አይጠረጥረውም፣ ምክንያቱም የኛን ሰዓት አያውቁትም። አንቺ ታውቂዋለሽ። ወረቀቱ ላይ በአማርኛ «ጠዋት 2 ሰዓት፣ ከቁርስ በፊት» ብለሽ ጻፊ፣ የእንግሊዝኛውም ከጎኑ ይኑር። ነርሷንም አስረጃት፣ ፋይላቸው ላይ እንድትጽፈው።

ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች የተቀዳ ድምፅ እንደ አላርም ይቀበላሉ። የልጃቸውን ድምፅ ቅጂ፦ «እማዬ፣ 2 ሰዓት ሆኗል፣ ቁርስ ከመቅረቡ በፊት ስኳርሽን ተለኪ።» ዝም ብሎ ከሚጮኸው ደወል ይልቅ እሱን ይሰማሉ። ቤተሰቡ አቅም ካለው፣ ተቆልፎ በሰዓቱ ብቻ የሚከፈትና ካልተወሰደ ለልጅ ስልክ የሚደውል የመድኃኒት ሳጥንም አለ። ሳጥኑን መሙላት ግን ያንቺ ሥራ ላይሆን ይችላል። በብዙ ስቴት ኤይድ ታስታውሳለች እንጂ መድኃኒት አትከፋፍልም። ሱፐርቫይዘርሽን ጠይቂ። ነርስ ወይም ልጃቸው ይሙሉት።

ለስኳሩ ደግሞ ክንድ ላይ የሚለጠፈውን መለኪያ ሐኪማቸውን ጠይቁ። ጣት ሳይወጋ ቀንና ሌሊት ይለካል፣ ስልክ ላይ ያሳያል፣ ከ70 በታች ሲወርድ ይጮኻል፣ ልጆችም በየስልካቸው ሊያዩት ይችላሉ። ለኛ እናቶች በተለይ በጾም ወቅት ትልቅ ነገር ነው። ሳይበሉ ውለው ኢንሱሊን ከወሰዱ ስኳራቸው ይወርዳል። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ነርሷ ትወቅ። አትጹሙ ለማለት አይደለም፣ መድኃኒቱን አስቀድማ ከሐኪሙ ጋር እንድታስተካክል ነው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ ሲወርድባቸው የብርቱካን ጭማቂ አትስጪያቸው። ብርቱካን ፖታሲየም አለው፣ ዲያሊስስ ላይ ያለ ኩላሊት አያወጣውም። የፖም ጭማቂ ወይም የግሉኮስ ታብሌት አጠገባቸው ይኑር።

ትርጉሙን በተመለከተ፣ ጉግል ትራንስሌት አማርኛ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ብዙ ተሻሽሏል። «ውኃ ላምጣልዎ? ቀዝቅዎታል?» ለመባባል ይበቃል። መድኃኒት ሲቀየር፣ ሕመማቸው የት እንደሆነ ሲጠየቁ፣ የሚፈረም ወረቀት ሲመጣ ግን አይበቃም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። በስልክ ወይም በቪዲዮ ይቀርባል። በ2024 የወጣው ደንብ ደግሞ ወሳኝ የሆነ ጽሑፍ በማሽን ከተተረጎመ ብቁ የሆነ ሰው ተርጓሚ እንዲያየው ይጠይቃል። ስለዚህ ነርሷን «የአማርኛ አስተርጓሚ ይደወልልን» በያት። አንቺም ትርፍ ሸክም ይቀንስልሻል። ክፉ ዜና በጋራ ቋንቋ ስለምታወሩ ብቻ አንቺ ላይ መውደቅ የለበትም። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ «ዲያሊስሱ ሊቆም ነው» የሚለውን ቃል ከገዛ አስታማሚያቸው አፍ የሰሙ እናት አይቻለሁ። አስታማሚዋ ለሳምንታት እንቅልፍ አልነበራትም።

ጥያቄ፦ እኔ ሮክቪል ነው የምሠራው። ታካሚዬ ኤኤልኤስ የሚባለው የነርቭ በሽታ አለባቸው፣ ከአንገት በታች አይንቀሳቀሱም። ቤተሰቡ ሳይነግረኝ መኝታ ክፍሉ ካሜራ ተክሏል። ሳጥባቸው፣ ስቀይራቸው ይታያል። እኔም አላመኑኝም ብዬ አዘንኩ። ምን ልበል?

መልስ፦ ሀዘንሽ ይገባኛል። ሕጉን ባጭሩ፦ ሰው በራሱ ቤት ምስል መቅረጽ በአብዛኛው ይችላል። ድምፅ ግን ሌላ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የግል ንግግር ለመቅዳት የተናጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ዲሲና ቨርጂኒያ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። አንቺ ያለሽው ሜሪላንድ ነው። ስለዚህ ድምፅ ይቀዳ እንደሆነ መጠየቅ መብትሽ ነው። በኤጀንሲሽ በኩል ጠይቂ።

ከሕጉ በፊት ግን የታካሚሽ ክብር ይመጣል። አእምሯቸው ንቁ ነው። ራቁታቸውን ሲታጠቡ ልጆቻቸው በስልክ እንዲያዩ ይፈልጋሉ? ጠይቀዋቸዋል? መናገር ካቃታቸው ፊደል ሰሌዳ ወይም በዓይን እንቅስቃሴ የሚጻፍበት መሣሪያ አለ። ከሌላቸው የንግግር ቴራፒስታቸው ትጠየቅ። ኤኤልኤስ ላለበት ሰው ከካሜራው በብዙ የሚበልጥ ቴክኖሎጂ እሱ ነው። አፋቸው ዝም ቢልም «ወደ ቀኝ አዙሪኝ፣ ጀርባዬን አመመኝ» ይሉሻል። ካሜራው ላይ የሚታይ ሰው ግን አመመኝ ማለት አይችልም።

ለቤተሰቡ ያለ ቁጣ ንገሪያቸው፦ «ብታዩኝ ደስ ይለኛል። ግን ሲታጠቡና ሲቀየሩ ካሜራው ወደ ግድግዳ ይዙር። እሳቸውም ይጠየቁ።» የሚያስቡት ሌሊት ላይ ከሆነ ትንፋሽ ወይም የመተንፈሻ ማሽን ድምፅ ሲለወጥ የሚያሰማ መሣሪያ ይበቃቸዋል። አንቺም በበኩልሽ በግል ስልክሽ ታካሚውን ፎቶ አታንሺ። ቁስል ለማሳየት ብለሽ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም አትላኪ፣ ለጓደኞች ግሩፕማ ጭራሽ። ኤጀንሲው ፎቶ የሚላክበት የተፈቀደ አፕ ካለው በሱ ብቻ።

ጥያቄ፦ አባታችን ሳምባቸው ደክሞ ቤት ውስጥ የኦክስጅን ማሽን ላይ ናቸው። ዲሲ ነው የምንኖረው። አስታማሚዋ ሳሎን ቡና ስናፈላና ዕጣን ስናጨስ ትቆጣለች። ቤቱ እኮ ያለ ቡና ቤት አይመስልም።

መልስ፦ አስታማሚዋን አመስግኗት። ማሽኑ የክፍሉን አየር ስቦ ናይትሮጅኑን ያስቀርና ወደ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ኦክስጅን ይሰጣል። ኦክስጅኑ ፀጉራቸው፣ ልብሳቸው፣ ብርድ ልብሳቸው ውስጥ ይገባል። ራሱ አይቃጠልም፣ ነገር ግን ትንሿን ብልጭታ ፊታቸው ላይ እሳት ያደርጋታል። ከሰል፣ ሻማ፣ ጧፍ፣ ሲጋራ ቢያንስ 10 ጫማ ይራቅ። ከሰል ቤት ውስጥ ጭራሽ አይያያዝ። የሚታይ እሳት ባይኖረውም ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ ያወጣል። የዕጣን ጢስም ለደከመ ሳምባ ጠላት ነው።

ቡናው ኩሽና ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ። ጀበናው ወደ ሳሎን ይምጣ፣ ፈንዲሻው ይቅረብ፣ አባታችሁም መሐል ይቀመጡ። ጀርባቸውን አዙረው መኝታ ክፍል ከሚውሉ ይህ ይሻላቸዋል። አፍንጫቸው ሲደርቅ ቫዝሊን አትቀቧቸው፣ ውኃ ነክ የሆነ ጄል አለ። ፀጉር ላይ ቅቤ ወይም ዘይትም አይሁን። መብራት ቢጠፋስ ብላችሁም አስቡ። ለመብራት ኩባንያው ቤት ውስጥ የሕክምና መሣሪያ እንዳለ አስመዝግቡ። መጠባበቂያ ሲሊንደር ይኑር፣ በሳቸው መጠን ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ኦክስጅን ያመጣው ሰውዬ ላዩ ላይ ይጻፍበት። አስታማሚዋ እንዴት እንደሚከፈት በቀን ብርሃን ትለማመድ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እናቴ አዲስ አበባ ናቸው። የማኅፀን በር ካንሰር ተገኝቶባቸው ሐኪሞቹ ወደ ቤት መልሰዋቸዋል። ታናሽ እህቴና አንዲት የቤት ሠራተኛ ናቸው የሚያስታምሟቸው። እኔ ሲያትል ነኝ። ምን ዓይነት መሣሪያ ልላክላቸው? ገንዘቡ አለ።
ልጃቸው

መልስ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። መሣሪያ ከመግዛትህ በፊት ቤት የሚመጣ ነርስ ፈልግላቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመ ነው። ነርሶቹ ቤት ድረስ ሄደው ሕመም ያስታግሳሉ፣ ቤተሰብም ያስተምራሉ። የሕክምና ወረቀታቸውን እህትህ ፎቶ አንሥታ ትያዝ፣ ስልኳ ውስጥ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። የትም ሲሄዱ ከመጀመሪያው እንዳይጀምሩ ነው።

ስልኩን ደግሞ እንዲህ ተጠቀሙበት። እህትህ በየማለዳው በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ትላክልህ። ሦስት ነገር ብቻ ትንገርህ፦ ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው? ሌሊት ተኝተዋል? ሆዳቸው ወጥቷል? ሦስተኛውን ሰው ያፍርበታል። ግን ሞርፊን የሚወስድ ሰው ሆዱ ይደርቃል። ድርቀቱ ሲብስ ደግሞ ከካንሰሩ እኩል ያሰቃያል። ማለስለሻው ከሞርፊኑ ጋር አብሮ መታዘዝ አለበት። ሕመሙ ሁለት ቀን ተከታትሎ ከፍ ካለ ለኔም ለአንተም አይደለም የሚነገረው፣ ለነርሷ ነው። የነርሷን ቁጥር ሠራተኛዋም ስልኳ ላይ ትያዘው፣ ካርድም ሁልጊዜ ይኑራት። ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትሆንበት ሰዓት አለና። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 መሆኑንም ትወቅ።

ገንዘብህን እዚህ ላይ አውለው፦ መብራት ሲጠፋ ስልክ የሚሞላ ፓወር ባንክ፣ የሚሞላ መብራት፣ ቁስል እንዳይወጣ የሚረዳ በአየር የሚነፋ ፍራሽ። ከዚያ ለሠራተኛዋ ደመወዝ ጨምርላት፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እረፍትም ይኑራት። በዚያን ቀን እህትህን የሚተካ ዘመድ አሁኑኑ ደውለህ ጠይቅ።